የሶሌታው ጠርዝና የጋሽ ከድር ስም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ቢሮው ኬክ አስመጥቶ፣ ለስላሳ አስደርድሮ ሸኘኝ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ስለ ትጋቴ አንዳንድ ነገር አለች፤ ስለ ቁጣዬ ስላላነሳች በልቤ አመሰገንኳት። ኬኩ ተቆርሶ ሰው በየጥጉ ሲያወራ፣ ከወጣቶቹ አርክቴክቶች አንዱ ለአዲስ ገቢዎቹ ወሬ ሲያሳምር ሰማሁት።

«ድሮ እዚህ ቢሮ አንድ ሽማግሌ ድራፍትስማን ነበሩ አሉ። ኮምፒውተር ሲመጣ አኮረፉ፣ ማለቴ፣ በቃ ሳይት አልሄድም አሉ። የአንድ ሕንፃ ጠርዝ እንዳለ ተበላሽቶ ቀረ።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ሳህኔን አስቀምጬ «እንደዚያ አይደለም» አልኩ። ልጁ ደንገጥ ብሎ «እትዬ አስናቀች ደግሞ በሰው አይጨክኑም» አለና ሌላ ቁራሽ ኬክ አቀረበልኝ። በሰው እንዴት እንደምጨክን የሚያውቁት ሁሉ ከቢሮው ቀድመውኝ ስለወጡ የሚመሰክርብኝ አልነበረም። ኬኩን ሳልበላ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሽማግሌው ስማቸው ጋሽ ከድር ይባላል። አሁን በሕይወት የሉም። አላኮረፉም። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው፤ ስለ ራሴ የምለው ሁሉ በእግረ መንገድ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ በአንድ የመንግሥት የንድፍ መሥሪያ ቤት ነበር። ሴት ብሆንም መጠሪያዬ ድራፍትስማን፣ የንድፍ ሰውዬ እንደ ማለት፣ ነው፤ የሚያስተካክለው ሰው አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የመጋዘንና የትምህርት ቤት ፕላን ስገለብጥ ወጣትነቴ አለቀ። አለቃችን ደግ ሰው ነበሩ፤ ጠዋት ገብተው ጋዜጣቸውን ያነባሉ፣ ከሰዓት ያንኑ ጋዜጣ ይደግሙታል። መንግሥት ሲለወጥ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ቀነሰ፤ ከተቀነሱት አንዷ እኔ ነበርኩ። ቤት ተቀምጬ የእናቴን ፊት ሳይ ስከርም፣ አንድ የሰፈራችን ሰው ካዛንቺስ አዲስ የተከፈተ የግል አማካሪ ቢሮ ንድፍ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ደሞዙን ሳልጠይቅ ሄድኩ፤ ጠይቄም ቢሆን ያው ነበር።

ቢሮው ጣሊያን የሠራው አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። የጣውላው ወለል ሰው በተራመደ ቁጥር ስለሚያቃስት፣ አለቃ ሲመጣ ቀድመን እንሰማለን። ከአጥሩ ውጭ የታክሲ ረዳቶች ይጮኻሉ፤ ጎረቤታችን ያለው ቡና ቤት ከምሳ በኋላ ሙዚቃውን ይለቀዋል። ከጓሮ ክፍል የፕላን ማባዣው አሞኒያ ይሸታል፤ አዲስ ሰው ሲገባ ያለቅሳል፣ ከወር በኋላ ይለምደዋል። በዚያ ቤት በመስኮቱ ጥግ፣ ግራጫ ኮታቸውን በወንበራቸው ላይ ሰቅለው የሚሠሩት ዋናው ድራፍትስማን ጋሽ ከድር ነበሩ። በዕድሜ ከእኔ ብዙ የሚበልጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። የመጀመሪያው ቀን ብዕር ሰጥተው መስመር አስምሪ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ምላጭ ሰጡኝ።

«መጀመሪያ መፋቅ ተማሪ» አሉኝ። «መሳሉ ይደርሳል።»

ያኔ በቀለም የምንሥለው ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ ነው። የተሳሳተውን መስመር በምላጭ ጫፍ ቀለሙን ብቻ አንስቶ ወረቀቱን ሳይቀዱ መፋቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እኔ ስንት ዓመት ሠርቼ የመጣሁ ሰው፣ የሌላ ሰው ስሕተት እየፋቅኩ ሰነበትኩ። በጣም ተናድጄ ነበር። ይሁን እንጂ እየፋቅኩ ሳለሁ ሰው የት የት እንደሚሳሳት አየሁ፤ አብዛኛው ስሕተት ያለው ጠርዝ ላይ ነበር።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሶሌታ ማለት የፎቁ ወለል፣ አርማታው ራሱ ነው። ጠርዙ ደግሞ ወለሉ የሚያበቃበት፣ ከዚያ ወዲያ አየር ብቻ የሆነበት ዙሪያው ነው። መንገደኛ ቀና ብሎ ሕንፃ ሲያይ መስኮቱንና ቀለሙን ያያል፤ ጠርዝ ማንም አያይም። የውጭው ግድግዳ የሚቆመው፣ የበረንዳው ብረት የሚተከለው፣ መስታወቱ የሚንጠለጠለው ግን እዚያ ላይ ነው። ከታች ያለው ትንሽ ከተዛነፈ ላዩ ላይ የሚመጣው ሁሉ አብሮ ይዛነፋል፤ ያኔ ልስን በልስን ላይ እየተደረበ ይሸፈናል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላም ይረግፋል።

ጋሽ ከድር የሶሌታ ጠርዝ የሚሥሉት ጠዋት እንደገቡ፣ ሻይ ሳይጠጡ ነው። እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ በፎጣ ሳይሆን በአየር አድርቀው ይቀመጣሉ። ከግራው ማዕዘን ይጀምሩና ብዕራቸውን ሳያነሱ እስከ ቀኙ ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ የሚያወራ ሰው ካለ በዓይናቸው ብቻ ያስቆሙታል። ማዕዘን ላይ ሁለቱ መስመሮች ጥቂት ተላልፈው እንዲሻገሩ ያደርጋሉ። አንድ ቀን እኔ ማዕዘኑን ሳላገናኝ ትቼው አዩና «እዚህ ጋ ዝናብ ይገባል» አሉ። እየቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ሌላው ልማዳቸው ሳይት መሄድ ነበር። የንድፍ ሠራተኛ ሥራው ወረቀት ላይ ያበቃል፤ የእሳቸው ግን አያበቃም። ሶሌታ ሊሞላ ሲል፣ ማለትም አርማታው ሊፈስ ጣውላው ሁሉ ተመትቶ ፌሮው ሲታሰር፣ የሲባጎ ጥቅልላቸውን በኮታቸው ኪስ ይዘው ይሄዳሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ አስከትለውኝ ሄደዋል። ከዙሪያው ጣውላ ጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎውን ይወጥሩና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል። ደህና ከሆነ ምንም አይሉም። ደህና ካልሆነ የጠመመውን ጣውላ በጫማቸው ጫፍ መታ መታ ያደርጉታል፤ አናጢዎቹ ያ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል።

በእነዚያ ሥራዎች ላይ ፎርማኑ ብዙ ጊዜ ተክሌ ነበር። ተክሌ እኩያዬ ነው፤ ቀልደኛ፣ ባርኔጣው ከራሱ የማይወርድ፣ በአናጢነት ጀምሮ ፎርማን የሆነ ሰው። የሚያውቀውን ሁሉ ከጋሽ ከድር እንደተማረ ሳያፍር ይናገራል። በእሱ ሳይት አርብ ቀን ሶሌታ አይሞላም ነበር፤ ጋሽ ከድር መስጊድ ስለሚሄዱ።

«ከድር ሳይኖሩ የተሞላ ሶሌታ ያልተመረቀ ልጅ ነው» ይለኝ ነበር ተክሌ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ጋሽ ከድር አላኮረፉም። እዚህ ላይ ነው ወሬው መጣመም የሚጀምረው። መጀመሪያ የመጣው ያው ወረቀቱን ወደ ስክሪን የወሰደ ነገር ስለነበር፣ እሳቸው በብዕራቸው ቀጠሉ፣ እኔ ወደ ኮምፒውተሩ ሄድኩ፤ ማንም ማንንም አላስቸገረም። ከዓመታት በኋላ የቢሮው ባለቤት ታመው ቦታውን ለልጃቸው ለዳዊት ሲለቁ ነው ነገር የተቀየረው። ዳዊት አርክቴክት ነው፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ ክፉ ያልሆነ፣ ግን የሰው ንግግር እስኪያልቅ የማይጠብቅ። ከውጭ ሠልጥኖ ሲመጣ ሕንፃውን በመስመር ሳይሆን በአካሉ የሚያሠራ ሶፍትዌር ይዞ መጣ። ግድግዳው ግድግዳ ነው፤ ሶሌታው ውፍረት አለው፤ ብታዞሪው ይዞራል፣ ብትቆርጪው ውስጡ ይታያል።

ወደድኩት። አልዋሽም። ዕድሜዬ ገፍቶ ሳለ እንደ ተማሪ ተቀምጬ ለመድኩት። በዚያ ሶፍትዌር ሶሌታ ለመሥራት ዙሪያውን በመስመር መክበብ ነው፤ አንድ ማዕዘን ለፀጉር ያህል ካልገጠመ አልሠራም ብሎ ቀይ ምልክት ያወጣል። ያን ጊዜ ሁሉ «ዝናብ ይገባል» ያሉኝ ትዝ ይለኛል። ጠርዙን ከግድግዳው ጋር ማሰርም ይቻላል፤ ከታሰረ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ወለሉም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ወጣቶቹ ስለሚቀላቸው ያስሩታል። እኔ አላስረውም ነበር። አንድ ሰው የግድግዳውን ዓይነት በቀየረ ቁጥር ወለሌ ሳላውቀው ሲወጣ ሲገባ እንዲያድር አልፈልግም። አርማታው የሚቆምበትን ቦታ ራሴ ለክቼ በእጄ አስቀምጠዋለሁ። መብራት በፈረቃ የሚሰጥበት ዘመን ስለነበር፣ ያልተቀመጠ ሥራ በአንድ ብልጭታ ይጠፋል፤ እንደገና ከግራው ማዕዘን እጀምራለሁ።

አንድ ቀን ጋሽ ከድር ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እስቲ ጠርዙን አሳዪኝ።»

አሳየኋቸው። ማውሱን ሰጠኋቸው። ብዕር ይዞ የማይንቀጠቀጠው እጃቸው ማውሱን ሲይዝ ቀስቱ በስክሪኑ ላይ እንደ ዝንብ ዘለለ። አላፈሩም፤ ቀስ ብለው እጃቸውን አነሱ።

«ይኼ መስመር ውፍረቱ ስንት ነው?»

«መስመሩ ውፍረት የለውም ጋሽ ከድር። ወለሉ ነው ያለው።»

«ውፍረት የሌለው መስመር ዛሬ አየሁ» አሉና ፈገግ አሉ። ቆየት ብለው «ተክሌ ይኼን የት ያየዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አትመን እንልክለታለን።»

«ብቻውን ያየዋል ማለት ነው» አሉና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ወደ መስቀል ፍላወር በሚሠራ አንድ ሆቴል ላይ ችግር ተፈጠረ። ጋሽ ከድር እንደ ልማዳቸው ሲባጎ ወጥረው የበረንዳውን ጣውላ በጫማቸው መታ መታ አደረጉ፤ ተክሌም ጣውላውን አስነሳ። የሆቴሉ ባለቤት እዚያው ቆሞ ነበር። የቢሮ ሠዓሊ መጥቶ ሠራተኞቼን ያዛል ብሎ ዳዊት ላይ ጮኸበት። ዳዊት በማግስቱ ሰብስቦን፣ ከእንግዲህ ሳይት የሱፐርቪዥን ክፍል ሥራ እንደሆነ፣ ንድፍ ሠራተኛ ያለ ደብዳቤ ሳይት እንደማይሄድ ነገረን። ለተቋራጮቹም ይኸው ተነገራቸው።

«ሞዴሉ ሁሉንም ይናገራል» አለ፤ በሶፍትዌሩ የምንሠራውን ሕንፃ ማለቱ ነው። «ሰው መላክ አያስፈልገንም።»

ጋሽ ከድር ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አሉ። ሁላችንም አኮረፉ አልን።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ እዚያው ካዛንቺስ የሚሠራ የቢሮ ሕንፃ ነበር፤ በመንገዱ በኩል ያለው ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ። ሞዴሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። የእያንዳንዱን ፎቅ ጠርዝ ለብቻው ቆርጬ አይቼ፣ መስታወቱን የሚሸከሙት ብረቶች የት እንደሚታሰሩ አስቀምጬ ነበር። ፎርማኑ ተክሌ ነበር። የመጀመሪያው ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ጋሽ ከድር ደብዳቤ እንዳልጠየቁ ሰማሁ። ያን ዕለት ቢሮ የገቡት ከሰዓት ነው፤ አርፍደው ሲገቡ አይቼ አላውቅም ነበር። ምንም ሳይሉ ተቀመጡ። ኩርፊያው ባሰባቸው ብዬ እኔም ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ሱፐርቪዥኖቹ የፌሮውን ብዛትና የወለሉን ከፍታ አይተው ፈረሙ። ጠርዝ የእነሱ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የጋሽ ከድር ነበር። ሕንፃው ወጣ። ፎቆቹ ተሞልተው ካለቁ በኋላ የመስታወት ሠራተኞቹ መጥተው ገመዳቸውን ከላይ ወደ ታች ጣሉ፤ ብረቶቹ አልደረሱም። በየፎቁ ሶሌታው ከሚገባው ቦታ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ብረቶቹ በልክ ተሠርተው ከውጭ የመጡ ናቸው፤ አይለጠጡም።

ዳዊት ጠራኝ። ሞዴሉን ከፈትኩ፤ መስመሩ ያለቦታው አልነበረም። የታተመውን ዘረጋሁ፤ እሱም ልክ ነው። ደብዳቤ ተጽፎልኝ ሳይት ሄድኩ። ተክሌ ሦስተኛው ፎቅ ጠርዝ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሜትሩን ዘርግቼ አነበብኩለት።

«ልስኑን ቀንሼ ነዋ» አለ።

«የቱን ልስን?»

«የፊቱን።»

«ፊቱ መስታወት ነው ተክሌ።»

ወደ መንገዱ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። «ሁሌም እንቀንሳለን» አለ ቀስ ብሎ። «ሁሌም እኮ እንቀንሳለን።»

ነገሩ የተገለጠልኝ ያኔ ነው። በጋሽ ከድር ወረቀት ላይ የጠርዙ መስመር የሚያልቀው ሕንፃው ተለስኖ በሚያልቅበት ቦታ ነበር። ተክሌ ደግሞ ጣውላውን ሲመታ የልስኑን ውፍረት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ግንቡና አርማታው ተለስነው እኩል እንዲወጡ። ልስን የማይነካው ፊት ሲያጋጥም ጋሽ ከድር ሲባጎውን እንደያዙ «እዚህ ጋ አትቀንስ» ይሉታል። ይህን ማንም ጽፎት አያውቅም። በሁለቱ መካከል ያለ ልማድ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሠርቷል። እኔ ሞዴሉ ላይ ያስቀመጥኩት አርማታውን ራሱን ነው። ተክሌም እንደተማረው ልስን ለማይነካው ፊት የልስን ቦታ ተወለት። የእኔ ሥራ ልክ ነበር፤ የእሱም እንደ ልማዱ ልክ ነበር። በመካከላችን ሲባጎ ይዞ የሚቆመው ሰው ብቻ ነው የጎደለው።

ስብሰባው የተደረገው በቢሮው ሳሎን ነው። የሕንፃው ባለቤት ፊቱን አጥቁሮ ተቀምጧል። ተክሌ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያሽከረክራታል። ዳዊት ሁሉን ሰምቶ ሲጨርስ ወደ ጋሽ ከድር ዞረ።

«ጋሽ ከድር፣ ይህን ልማድ እርስዎ ያውቁት ነበር። ታዲያ ለምን አልሄዱም?»

ዝም አሉ።

«ደብዳቤ ቢጠይቁኝ እከለክልዎ ነበር?»

ባለቤቱ ጠረጴዛውን መታ፤ «እኮ ለምን አልሄዱም?» አለ። ተክሌ ባርኔጣውን ማሽከርከር አቆመ።

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሥራዬ፣ ያ ሁሉ የደከምኩበት ጠርዝ፣ በአንድ ሽማግሌ ኩርፊያ ገደል የገባ መሰለኝ። «ይናገሩ እንጂ ጋሽ ከድር!» ብዬ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ ጮኼባቸው አላውቅም ነበር። ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው መልሰው «ያለቀ ነገር ነው። እንዴት እንደሚጠገን እንነጋገር» አሉ።

አጠጋገኑንም የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ጠርዙ እስከ ፌሮው ድረስ እንዲፈለፈል፣ የተፈለፈለው እንዳይለሰልስ፣ ሻካራና ጥርሳም ሆኖ እንዲቀር፣ አሮጌው አርማታ ውሃ እስኪጠግብ እንዲጠጣ፣ ሙሌቱም ፀሐይ ሳይበረታ ጠዋት ጠዋት እንዲሆን። ዳዊት ጻፈ። ተክሌ አንድ ጊዜም ቀና አላለም። በየፎቁ መዶሻ ሲንኳኳ ስንት ሳምንት ሰማሁ፤ ሳይቱ ከቢሮው ሩቅ አልነበረም፣ የምሠራበት ጠረጴዛ ድረስ ይመጣ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ጋሽ ከድር ከሥራ ተሰናበቱ። ዕድሜያቸውም ደርሷል ተባለ። ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው እያንዳንዳችንን ጨበጡን። ሌሎቹ እስከ በሩ ሸኟቸው። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ጨብጬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

የእሳቸው ጠረጴዛ ለእኔ ተሰጠኝ። ብዙ ዓመት ሠራሁበት። ቢሮው አሮጌውን ቤት ለቅቆ ወደ ፎቅ ወጣ፤ ጣሊያን የሠራውም ቤት ፈርሶ ቦታው ታጠረ። ከእኔ እጅ የሚወጣ የሶሌታ ጠርዝ ሁሉ ላይ «ይህ የአርማታው ፊት ነው፣ አይቀነስ» ብዬ አስጽፍ ነበር፤ ልጆቹ በኋላ ኋላ ለምን እንደሚጽፉት ሳያውቁ ይጽፉት ነበር። የተጠገነው ሕንፃ ተከራየ። ክረምት በመጣ ቁጥር በሦስተኛው ፎቅ በመንገዱ በኩል በተቀጠለበት መስመር ውሃ ያስገባል፤ አንድ ሰው ማስቲሽ ይዞ ይሄዳል፣ በዓመቱ ይደግማል። በዚያ በኩል ላለማለፍ መንገድ አዞር ነበር። ለጋሽ ከድር በመጀመሪያው ኢድ ደወልኩላቸው፤ ሰላምታ ተለዋውጠን ስልኩን ዘጋሁት። በሚቀጥለው ኢድ አልደወልኩም። አሳዘኑኝ እንዳልል ተናድጄባቸው ነበር፤ ተናደድኩባቸው እንዳልል ይናፍቁኝ ነበር።

ጡረታዬ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መስቀል አደባባይ፣ ባቡሩ ከሚያልፍበት ድልድይ ሥር፣ የታክሲ ሰልፍ ይዤ ሳለ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካኝ። ተክሌ ነው። ከስቷል፤ ባርኔጣው ብቻ ያው ነው። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን። ልጆቹ ተምረው ወጥተውለታል።

«ጋሽ ከድርን ታያቸዋለሽ?» አለኝ።

«አላይም።»

«ምነው?»

«ምን ብዬ ልያቸው? ያን ቀን ኩርፊያቸውን ትተው ብቅ ቢሉ ኖሮ…»

ተክሌ ክንዴን ይዞ ከሰልፉ አወጣኝ። ተራዬ ደርሶ ነበር።

«መጥተው ነበር» አለ።

«የት?»

«ሳይት። የመጀመሪያው ሶሌታ የሞላ ቀን። ጠዋት፣ ማሽኑ ሳይነሳ፣ ሲባጎዋን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ደብዳቤ ይዘዋል ወይ ጋሼ አልኳቸው። የለኝም፣ አንዴ ብቻ ወጥሬ ልይ አሉኝ። እኔ ደግሞ ያለ ደብዳቤ ሰው ካስገባህ በቃ አንተም አብረህ ውጣ ተብያለሁ። ልጆቼ ትንንሽ ነበሩ አስናቀች። አላስገባዎትም አልኳቸው። እኔ! እሳቸውን!»

«ከዚያስ?»

«ሳይወጥሩ መቀነሴን በምን ያውቃሉ? ከበሩ ማዶ ቆሙ። አርማታው ላይ መውጣት እስኪጀምር ቆሙ። ከዚያ ሲባጎዋን ጠቅልለው ሄዱ።»

«ስብሰባው ላይ ታዲያ…»

«ስብሰባው ላይማ ይናገሩብኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር። ያጠፋሁትም እኔ፣ የሚያርመኝን ከበር የመለስኩም እኔ፤ ሲናገሩ በዚያው ቀን እንደምባረር አውቃለሁ፤ ባለቤቱ ያስረኛል ብዬም ነበር። ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ፣ በቃ፣ እኔም ዝም አልኩ።»

«ከዚያ በኋላስ? ይኼን ሁሉ ዓመት?»

«ጊዜው ሄደ» አለ ተክሌ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ሳልሰናበተው መንገዱን ተሻግሬ በእግሬ ወደ ቂርቆስ አቀናሁ።

የጋሽ ከድር ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ቅያስ፣ አጥር ለአጥር ከተጣበቁት የቀበሌ ቤቶች አንዱ ነው። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት። እሳቸው በመስኮቱ በኩል በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንድ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል፤ እኔን ለማየት አንገታቸውን ማዞር ነበረባቸው።

«አስናቀች ነሽ?» አሉ። «ግቢ እንጂ። ምን ያስቆምሻል?»

ልጃቸው ሻይ አምጥታ ሄደች። ስለ እናቴ ጠየቁኝ፤ እንዳረፈች አልሰሙም ነበር። ከንፈራቸውን መጠጡ። ሶፍትዌሩ አሁንም ያው እንደሆነ ጠየቁ፤ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል አልኳቸው።

«ተክሌን አገኘሁት ጋሽ ከድር።»

«ደህና ነው? ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው። ሳይት መሄድዎን ነገረኝ።»

ከውጭ ልጆች ኳስ ሲመቱ፣ ኳሷ ከቆርቆሮው አጥር ጋር ስትላተም ይሰማል።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። «ለዳዊት ይቅር። ለባለቤቱም ይቅር። ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ አንቺ ዝም አትይም። ተክሌ ያልቅለት ነበር።»

«ከዚያ በኋላስ? ተክሌ ሌላ ሥራ ከያዘ በኋላስ?»

ጉልበታቸው ላይ ያለውን ጋቢ አስተካከሉ።

«ዳዊት ለምን አልሄዱም አለኝ። ባለቤቱም ለምን አልሄዱም አለ። አንቺ ይናገሩ ብለሽ ጮህሽብኝ» አሉ። «ሄደው ነበር ወይ ያለኝ ሰው ግን የለም። ተክሌ ከዚያ ሥራ ከወጣ በኋላ አንቺ ብትጠይቂኝ ልነግርሽ ወስኜ ነበር። ትጠይቂኛለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ። ለኢድ ስትደውዪ አሁን ትጠይቀኛለች አልኩ። ሳትጠይቂኝ ስልኩን ዘጋሽው።»

እሳቸው አንገታቸውን አዙረው በደህናው ዓይናቸው አዩኝ።

«ሻይሽ ቀዘቀዘ» አሉ። «ጠጪ።»

ጠጣሁት።